ወንዙም የራሱ ይዞታ አለው

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በልደታ ክፍለ ከተማ የከተማ ግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)






አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ከተማ ግብርና አጠር ያለ ነገር ተናገርልን» ሲለኝ ስለ ቆስጣና ስለ ብስባሽ ማዳበሪያ ላወራ አስቤ ነበር። ነገር ግን ባለፉት ወራት ማሳ ለማሳ ስዞር የምትጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ «ወንዙ ዳር ሕንፃ ሊሠራ ነው ይባላል፤ እኛስ ወዴት ልንል ነው?» የሚል። ስለዚህ የማዳበሪያውን ነገር ለሌላ ቀን አቆይቼ ስለዚሁ እናገራለሁ። እኔ ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቅኩ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ የልማት ሠራተኛ ነኝ። መሐንዲስም የሕግ ባለሙያም አይደለሁም። የማውቀው መሬትና ውሃ ሲገናኙ የሚሆነውን ነው።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ትንሹ አቃቂ ከከተማችን ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ፣ የምዕራቡን ሰፈሮች አቋርጦ ወደ መካኒሳ ይወርዳል። ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል ይመጣል። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ላይ ደርሰው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ከላይ ገፈርሳ ላይ የዚሁ የትንሹ አቃቂ ውሃ ተገድቦ ለከተማው መጠጥ ይሆናል። ከታች እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን እጅ የማይነከርበት ሆኖ ነው። በመካከሉ ያለው ርቀት በእግር የሚኬድ ነው። ይህን ለአንድ አባት ሳስረዳቸው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለካ ለእኛ ነው!» አሉኝ።

በዚህ ወንዝ ዳር አትክልት ማልማት የትናንት ሥራ አይደለም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. ከተወረሰ በኋላ በነበሩት ዓመታት በመካኒሳ፣ በፉሪና በሳሪስ ያሉ አምራቾች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ለከተማው ሕዝብ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ሲያቀርቡ ኖረዋል። አክሱማዊት ገብረ እግዚአብሔር የተባሉ ተመራማሪ ይህንኑ ማኅበር አጥንተው፣ ጽሑፋቸው ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ግብርና በ1994 እ.ኤ.አ. በካናዳ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ወጥቷል። ይህን የምጠቅሰው በከንቱ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በፊት በውጭ አገር መጽሐፍ የተመዘገበ ሥራ፣ ዛሬ በራሳችን አዳራሽ «ክፍት ቦታ» ሲባል ስለሰማሁ ነው።

የሰማሁትም እንዲህ ነው። በአንድ ወረዳ አዳራሽ በተጠራ የነዋሪዎች ውይይት ላይ በወንዙ ዳር ያለው የአትክልት ቦታ ለመኖሪያ ሕንፃ ቢውል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሰው ካርታውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ማሳዎቹን በነጭ አሳይተው ነበር። ነጭ ማለት በካርታው ቁልፍ መሠረት ክፍት ቦታ ማለት ነው። አንድ በዚያ ቦታ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አባት ተነሥተው «ልጄ፣ ያ ነጭ ያልከው ትናንት ሌሊት ውሃ ሳጠጣ ያደርኩበት ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ቀጥላ የተነሣችው ግን አንዲት ወጣት ነበረች። «እናንተ ስለ ሰላጣ ትናገራላችሁ» አለች። «እናቴ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበች። በ2005 ዳግም ተመዝገቡ ሲባል ተመዘገበች። ቤቱን ሳታይ አረፈች። እኔ በቁጠባ ደብተሯ ላይ እየቆጠብኩ ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል እንኖራለን። ለእኔ የሚሠራ ቤት የት ይሁን ነው የምትሉት?» ለእርሷ ያጨበጨበ የለም። ነገር ግን አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከእኛ መካከል ዓይኗን አይቶ የመለሰላት አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን የሚያስጨንቀኝ የእርሷ ጥያቄ ነው እንጂ ካርታው አይደለም። ለእርሷ መልስ የሌለው ተቃውሞ የትም አያደርሰንም።

በመጨረሻ የተናገሩት ለቅሶ ሊደርሱ ወደ ልደታ መጥተው፣ ዘመዳቸው ይዘዋቸው የገቡ አንድ የአቃቂ አርሶ አደር ነበሩ። «እናንተ ቤት ነው፣ ጎመን ነው ትጨቃጨቃላችሁ። የሁለታችሁም እጣቢ የሚመጣው እኛ ዘንድ ነው። ከብቶቻችን የሚጠጡት እርሱን ነው» ብለው ተቀመጡ። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

እንግዲህ መሬትና ውሃ ሲገናኙ ስለሚሆነው ልናገር። አንድ ባልዲ ውሃ በተኮተኮተ መደብ ላይ ብታፈሱ ይሰምጣል። ያንኑ ባልዲ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ብታፈሱት ወዲያውኑ እግራችሁ ሥር ይወርዳል። በአንድ ክረምት ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ በአንድ ሄክታር ላይ ያረፈው ውሃ 300 ሜትር ኩብ ነው። ይህም 20 ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ 15 ጊዜ ተመላልሶ የሚያመጣው ማለት ነው። መሬቱ ሣርና ማሳ ሲሆን ብዙው ይሰርጋል፣ የቀረውም ቀስ ብሎ ይሄዳል። መሬቱ ጣሪያ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ሲሆን ግን አሥራ አምስቱ ቦቴ ባንድ ጊዜ ወንዙ ውስጥ ይገለበጣል። በዚያ ላይ ግንባታ ሲጀመር የተቆፈረው አፈርና ፍርስራሽ የሚደፋው ወደ ወንዙ ነው፤ ይህን ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ወንዙ ይጠባል፣ ውሃው ይበዛል። በአንድ ወገን የድንጋይ ግንብ ሲቆምለት ደግሞ ጉልበቱን ወደ ማዶኛው ጎረቤት ያዞራል። አንዱ የዳነበት ግንብ ሌላውን የሚያስጠርግበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ወንዝ ዳር ሰው ማስፈር ምን እንደሚያስከትል ከራሳችን አገር የምንማረው አለ። የድሬዳዋው ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰዎች በዳሩ ሠፈሩ፣ በአሸዋው ላይም ይነግዱበት ነበር። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። በአዲስ አበባም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በደረሰ ድንገተኛ ጎርፍ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ጎረቤታችን ናይሮቢ በ2016 ዓ.ም. የጸደይ ዝናብ ማታሬ በሚባለው ሰፈር ሰዎች በጎርፍ ከተወሰዱ በኋላ መንግሥት ከወንዝ በ30 ሜትር ውስጥ ያሉት ሁሉ ይነሡ ብሎ ቤቶችን አፈረሰ። አስቀድሞ እንዲሠሩ ተዉአቸው፤ ከጎርፉ የተረፉትን ደግሞ ግሬደር ደረሰባቸው። ወደዚያች ወጣት ልመለስና፣ ስድስት ዓመት ቆጥባ የምታገኘው ቤት እንዲህ ያለ ቤት እንዲሆን አልሻም። ወንዙ ዳር ቤት አይሠራ የምለው ለቆስጣው ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለእርሷም ብዬ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ደስ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። ቀጥሎ የምናገረው ግን ቅር ሊያሰኛችሁ ይችላል፤ እንደ ልጃችሁ ቆጥራችሁ ስሙኝ።

እኛ በዚህ ውሃ ስለምናለማው አትክልት እውነቱን ለራሳችን መናገር አለብን። ወንዙ የሚሸከመው የቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የቆዳ ፋብሪካ ኬሚካል ነው። ፍስሐ ኢታና የተባሉ ምሁር ከቄራና ከፒኮክ ማሳዎች የተወሰዱ ቅጠላ ቅጠሎችን መርምረው ውጤቱን በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት አውጥተዋል። እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶች በአትክልቱ ውስጥ እንደሚገኙ፣ ጥቅል ጎመንም ከሌሎቹ ያነሰ እንደሚያከማች ያስረዳሉ። ከዚያ ወዲህም በአቃቂ ውሃ ላይ ብዙ ጥናት ተደርጓል፤ የምሥራች የያዘ ግን አላጋጠመኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዩልኝ። ጀርምና ብረት አንድ አይደሉም። ጀርም በፀሐይ ይሞታል፣ ሲቀቀል ይሞታል፤ ከመለቀሙ በፊት ጥቂት ቀናት ውሃ ማጠጣት ቢቆም ይቀንሳል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም ይህንን ይመክራል። ብረት ግን አይሞትም። ብታጥቡት ከላይ ያለው አፈር ይሄዳል እንጂ ከውስጥ የገባው አይወጣም። ብትቀቅሉትም ያው ነው። ከዓመት ዓመት በአፈሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። አንዲት እናት «እኛ ይህንኑ እየበላን አይደል እንዴ ልጆች የወለድነው?» ብለውኛል። መልስ አጥቼ አይደለም ዝም ያልኩት፤ እርሳቸው የሚሸጡት እንጂ የሚበሉት ከጓሯቸው በቧንቧ ውሃ ያበቀሉትን መሆኑን ስለማውቅ ነው። እርሳቸውም ማወቄን ያውቃሉ።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ምርት ጨምሩ የሚል ዕቅድ ተሰጥቶኝ ነበር። አንድ ቡድን አባላት ከወንዙ አፍ ላይ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ሣርና ቁጥቋጦ ትተው ነበር የሚያለሙት። «ይህ ሁሉ መሬት ለምን ይባክናል?» ብዬ አስመነጠርኳቸው፤ መደቡንም እስከ ውሃው ጫፍ አስወረድኩት። በሪፖርቴ ላይ የለማው መሬት ጨመረ፣ ተመሰገንኩ። ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞላ። ጠዋት ስንደርስ አዲሱ መደብ ብቻ ሳይሆን ከበስተኋላው የነበረው የቆየው ማሳም ተቆርሶ ሄዷል። የውሃ ፓምፑንም ወስዶታል። ከቡድኑ አባላት አንዱ «እኛም ያንን ሣር የተውነው አባቶቻችን ተዉት ስላሉን ነበር፤ አንተ የተማርክ ነህ ብለን ዝም አልን» አሉኝ። ያ ቁጥቋጦ ባዶ መሬት አልነበረም። የወንዙ ይዞታ ነበር። ወንዙ ካርታና ደብተር ባይኖረውም ይዞታውን በየክረምቱ ያስከብራል።

ስለዚህ የእኔ አቋም፣ የመሥሪያ ቤቴ ሳይሆን የእኔ፣ በወንዙ አፍ ላይ ቤትም አይሠራ፣ ሰላጣም አይተከል ነው። ሌላው ሲከለከል እኛ የምንቀጥል ከሆነ «ለራሳቸው ጥቅም ነው» መባላችን አይቀርም፤ የሚሉንም እውነት አላቸው። አስቀድመን እኛ ብንለቅና ዳሩን በቬቲቨር ሣር፣ በቀርከሃና በአገር በቀል ዛፍ ብንይዘው፣ ከዚያ በላይ ያለውን ማሳ ለዛፍና ለአበባ ችግኝ ብናውለው ይሻላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ ዐሻራ ሲካሄድ ችግኙ ከየት ይመጣል? አበባና የዛፍ ችግኝ ደግሞ አይበላም። የሚበላውን በጉድጓድ ወይም በተመረመረ ውሃ ብቻ እናልማ። ዶሮና የወተት ላም ያላችሁ አባላት የሌማት ትሩፋት ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እንዴት እንደተንቀሳቀሳችሁ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ከወንዙ ዳር የታጨደ ሣር ሳይመረመር ለላም አትስጡ። ለጊዜው ገቢ እንደሚቀንስ አውቃለሁ። የችግኝ ገበያ እንደ አትክልት ተራ በየቀኑ አይደለም። ዩኒየኑ በዚህ የሽግግር ጊዜ ከትርፍ ክፍፍሉ አንድ ነገር ማድረግ ይችል እንደሆነ ቦርዱ ቢነጋገርበት እላለሁ።

የቤቱን ጥያቄ በተመለከተ መልሱ እዚሁ ልደታ ውስጥ አለ። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የልደታ መልሶ ማልማት በ26 ሄክታር ያህል ያረጀ ሰፈር ላይ የተሠራ ነው። ከቦታው የተነሡት ሁሉ ተመልሰው አልገቡም፤ ጉድለቱ ይህ ነበር፣ ሊደገምም አይገባውም። ነገር ግን ቤት ለመሥራት የግድ ወንዝ ዳር መውረድ እንደማያስፈልግ ያሳያል። ወደ ላይ መሥራት ይቻላል። ቤቶቹ ከፍሳሽ መስመር ጋር የሚገናኙበት ቦታም መመረጥ አለበት። የቃሊቲው ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የሚያጣራ ሆኗል፤ ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘ ሕንፃ ግን ማጣሪያው ቢኖርም ባይኖርም ፍሳሹ የሚደርሰው ለእነዚያ የአቃቂ አባት ከብቶች ነው።

ከክፍለ ከተማና ከወረዳ ለመጣችሁ እንግዶች በአክብሮት የምለው አለኝ። የወንዞች ነገር በከተማው ችላ ተብሏል ማለቴ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍንና 29 ቢሊዮን ብር የተገመተለት ነበር። የወንዝ ዳርቻዎችን ልማትና ብክለት የሚመለከት ደንብ ቁጥር 180/2017 ወጥቷል። መሪ ፕላኑም የከተማውን ቦታ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 በቀጥታ የሚመለከተው ሕዝብ በአካባቢ ጉዳይ በሚነደፍ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲገልጽ ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። እኛ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ጥናቱን አሳዩን። ከተወሰነ በኋላ ለማሳወቅ ሳይሆን ከመወሰኑ በፊት፤ በአማርኛ፤ ባለ ነጭ ካርታውን ብቻ ሳይሆን ወንዙ በክረምት የሚደርስበት መስመር ያለበትን።

ለእናንተ ለአባላት ደግሞ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን። የካሳና የመነሣት ጉዳይ የሚታየው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011ና በ2016 በወጣው ማሻሻያው ነው፤ ቅሬታ ሰሚ አካልም አለ። ቅሬታ የሚሰማው ግን ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ነው። ከማኅበራቱ ወደ አንዱ ሄጄ የይዞታ ማስረጃ ስጠይቅ ሰብሳቢው ከፍራሽ ሥር የግብር ደረሰኝ አወጡልኝ፤ ግማሹን አይጥ በልቶታል። ቃለ ጉባኤውን የያዙት ጸሐፊ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ቤተሰባቸው የት እንዳስቀመጠው አያውቅም። የአባላት መዝገቡ ላይ ካሉት ሃያ ሁለት ስሞች ሰባቱ አርፈዋል፣ በልጆቻቸው አልተተኩም። እንዲህ ሆነን አዳራሽ ገብተን ብንጮህ ማን ይሰማናል? የምዝገባ ሰርተፍኬት፣ የግብር ደረሰኝ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የየማሳው ልኬት፣ በየወቅቱ የተሸጠው ምርት መጠን፣ እነዚህ ሁሉ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅተው አንዱ ዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ካዝናው ቦታ እንዳለው ሒሳብ ሹማችንን ጠይቄያለሁ፤ ግማሹ ባዶ ነው ብለውኛል።

ሌላው የውሃና የአፈር ምርመራ ነው። ለአንድ ማኅበር ብቻውን ዋጋው ይከብዳል። በዩኒየኑ ስም፣ ከላይ ከልደታ ጀምሮ እስከ አቃቂ ባሉ ማሳዎች በአንድ ቀን ናሙና ቢወሰድ ወጪው ይቀንሳል፣ ውጤቱም ክርክር አያስነሣም። ውጤቱ መጥፎ ቢሆን እንዳንደብቀው ከወዲሁ ቃል እንግባ። እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ፤ «ገበያችንን በገዛ እጃችን እንዝጋ?» ብላችሁኛል። እኔም ቤት ውስጥ ሰላጣ የሚወዱ ሁለት ሕፃናት የእኅት ልጆች አሉኝ። ከየት እንደተገዛ ሳልጠይቅ አላበላቸውም። ደንበኞቻችንም አንድ ቀን እንደ እኔ መጠየቅ ይጀምራሉ።

በመጨረሻ አንድ ሥራ አስቀድመን እንድንጀምር ከሦስት ማኅበራት ጋር ተነጋግረናል። በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወንዙ ባለፈው ክረምት ከፍ ብሎ የደረሰበትን ቦታ ሽማግሌዎች እያሳዩን ችካል እንተክላለን። የወረዳው ባለሙያም እመጣለሁ ብለዋል። ያቺን የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ወጣትም ጋብዣታለሁ፤ የሥራ ቀን ቢሆንም ፈቃድ ጠይቃ እንደምትመጣ ነግራኛለች። ሪባን ሜትሩን እኔ እይዛለሁ። ችካሉ ከመካኒሳ ማኅበር ይመጣል። ጭቃ ስለሆነ ቦት ጫማ ያላችሁ አድርጋችሁ ኑ።